የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፒቮት ቴብል ለምን እንዳዘዝነው አይደረደርም?

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ የሪፖርት ጥያቄ ይበዛል። በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በረድፍና በዓምድ የተሠራ ማጠቃለያ ሠንጠረዥን፣ ማለትም ፒቮት ቴብልን፣ ስለ መደርደር ናቸው፤ አብዛኞቹ የኤክሴል ሲሆኑ አንዱ ፓወር ቢአይ የተባለው የማይክሮሶፍት የሪፖርት ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። የትእዛዞቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በኤክሴል ፒቮት ቴብል ቅርንጫፎቹን በረድፍ፣ ወራቱን በዓምድ አድርጌ ሽያጩን እደምራለሁ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሬ ሳቀርብ ሥራ አስኪያጁ «ድምሩ የተዘበራረቀ ነው» ይሉኛል። በዚያ ላይ ሠንጠረዡን ሪፍሬሽ ሳደርግ (ከመረጃው ሳድሰው) አዲስ የተከፈተው ቅርንጫፍ ሽያጩ ትልቅ ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ ምንድን ነው?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው የመጣው ራይት ክሊክ ካደረጉበት ሴል ነው። ኤክሴል «ከትልቅ ወደ ትንሽ» ሲባል ጠቋሚው ያረፈበትን ዓምድ መለኪያ ያደርጋል። የሚከተለውን በሺህ ብር የተጻፈ ምሳሌ ይመልከቱ፦

ባሕር ዳር፦ ግንቦት 350፣ ሰኔ 610፣ ድምር 960
አዳማ፦ ግንቦት 410፣ ሰኔ 520፣ ድምር 930
ሐዋሳ፦ ግንቦት 630፣ ሰኔ 480፣ ድምር 1,110
ደሴ፦ ግንቦት 290፣ ሰኔ 300፣ ድምር 590

ይህ ሠንጠረዥ በትክክል ተደርድሯል፤ ግን በሰኔ ነው። የሰኔን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ቢያነቡ 610፣ 520፣ 480፣ 300 ይላል። ሥራ አስኪያጁ የሚያዩት ደግሞ የመጨረሻውን ዓምድ ስለሆነ 960፣ 930፣ 1,110፣ 590 ተዘበራርቆ ይታያቸዋል። በጠቅላላ ድምር እንዲደረደር ከፈለጉ በቀኝ ጫፍ ባለው ግራንድ ቶታል ዓምድ ውስጥ፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ትይዩ ያለ ቁጥር ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ሶርት፣ ቀጥሎ ሶርት ላርጀስት ቱ ስሞለስት ይበሉ። ሐዋሳ ወደ ላይ ይወጣል።

ሌላ ሰው የሠራው ፋይል ሲደርስዎ በምን እንደተደረደረ በዓይን አይገምቱ። የረድፍ ርእሱ ላይ ያለውን ትንሽ ቀስት ተጭነው ሞር ሶርት ኦፕሽንስን ይክፈቱ፤ ከታች የትኛው ፊልድ (እንደ ቅርንጫፍ ወይም ወር ያለ የመረጃ ዓምድ) በየትኛው ቁጥር እንደተደረደረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ከዚያው ሞር ኦፕሽንስን ሲጫኑ ሁለት ምርጫ ያገኛሉ፦ አንዱ ግራንድ ቶታል፣ ሌላው ቫልዩስ ኢን ሰሌክትድ ኮለምን። ሁለተኛው ተመርጦ ከሆነ መለኪያው አንድ ወር ብቻ ነው ማለት ነው። ለወርኃዊ ግምገማ ይህ ራሱ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሆኖም ርእሱ ላይ «በሰኔ ሽያጭ ቅደም ተከተል» ብለው ቢጽፉ ክርክር ይቀራል።

ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ መደርደር ካስፈለገ አንድ ቁጥር ላይ ራይት ክሊክ፣ ሶርት፣ ሞር ሶርት ኦፕሽንስ ብለው በሚመጣው መስኮት ሌፍት ቱ ራይትን ይምረጡ። ለወራት ግን አንመክርም፤ ወር በጊዜው ቅደም ተከተል ካልተቀመጠ ሽያጩ ወደ ላይ እየሄደ ይሁን ወደ ታች አንባቢው አያይም።

ወደ ሁለተኛው ችግር እንምጣ። አዲስ ቅርንጫፍ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ፊልዱ ማኑዋል ላይ፣ ማለትም በእጅ መደርደር ላይ፣ ሲሆን ነው። ወደ ማኑዋል ለመግባት ደግሞ ብዙ አያስፈልግም፦ አንዱን ቅርንጫፍ በማውስ ጎትቶ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ኤክሴል ቅደም ተከተሉን እርስዎ እንደያዙት ይቆጥርና አዲስ የመጣውን ሁሉ ከታች ይደረድራል። መፍትሔው በግራንድ ቶታል እንደገና መደርደር፣ ቀጥሎም በሞር ኦፕሽንስ ውስጥ ሪፖርቱ በታደሰ ቁጥር በራሱ እንዲደረደር የሚያዝዘው ሳጥን ምልክት እንዳለበት ማየት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በማኑዋል አሠራር ከመጎተት ይልቅ የቅርንጫፉን ስም በሌላው ስም ላይ መጻፍ ይቻላል፤ አዳማ በሚለው ሴል ላይ «ደሴ» ብለው ቢጽፉ ደሴ ከነቁጥሩ ወደዚያ ይመጣል፣ አዳማ አንድ ረድፍ ይወርዳል። አደጋው ፊደል ሲሳሳቱ ነው። በመረጃው ውስጥ «ሐዋሳ» ተብሎ የተጻፈውን «ሃዋሳ» ብለው ቢጽፉ ኤክሴል እንደ አዲስ ስም ይቆጥረውና የአዳማን ረድፍ መጠሪያ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ የአዳማ ሽያጭ «ሃዋሳ» በሚል ስም ይቀመጣል፤ ሪፍሬሽም አይመልሰውም። ሴሉ ላይ «አዳማ» ብለው መልሰው መጻፍ አለብዎ። በዚህ ምክንያት በስም ከመጻፍ መጎተቱ ይሻላል እንላለን።

ጥያቄ፦ ወራቱን በበጀት ዓመት ቅደም ተከተል፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ መደርደር አቃተኝ። ኤክሴል በፊደል ተራ ነው የሚያስቀምጣቸው። በየሳምንቱ በእጄ እየጎተትኩ መኖር ሰለቸኝ።
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኤክሴል ጃንዋሪን ከፌብሩዋሪ የሚያስቀድመው የፈረንጅ ወራት ዝርዝር አብሮት ስለተሠራ ነው። የእኛን ወራት ግን ተራ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል፤ ስለዚህ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ እያለ ይሄዳል። ሐምሌ መጀመሪያ መምጣቱ ለጊዜው ያታልላል።

ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ያስተምሩት። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ገብተው ወደ ታች ይውረዱ፤ ጄነራል በሚለው ክፍል ኤዲት ከስተም ሊስትስ የሚል ቁልፍ አለ። ኒው ሊስት ላይ ሆነው ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ ብለው እያንዳንዱን በየራሱ መስመር ይጻፉና አድ ይበሉ። ቀጥሎ ፒቮቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ፒቮት ቴብል ኦፕሽንስ፣ ቶታልስ ኤንድ ፊልተርስ ውስጥ ዩዝ ከስተም ሊስትስ ዌን ሶርቲንግ የሚለው ምልክት እንዳለበት ይመልከቱ። በመጨረሻም የወሩ ስም ላይ ራይት ክሊክ፣ ሶርት ኤ ቱ ዚ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር የሚያጠቃልል መሥሪያ ቤት ከሆነ ማጠቃለሉ መረጃው ላይ ይሠራ እንጂ ከፒቮቱ አይደበቅ፤ የተደበቀ ወር ከድምሩም ይወጣል።

ይህ ዘዴ የሚወድቀው በአጻጻፍ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ኅዳር» ካሉ መረጃው ላይም «ኅዳር» መሆን አለበት፤ «ህዳር» ቢሆን አያውቀውም። ታኅሣሥና ታህሳስ፣ ሚያዝያና ሚያዚያ፣ ነሐሴና ነሀሴ፣ ጳጉሜንና ጳጉሜ ሁሉም እንዲሁ። ከቃሉ በኋላ የቀረ አንድ ባዶ ቦታም ያበላሻል። ከዚህም ሌላ ዝርዝሩ የሚቀመጠው እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ፋይሉን የሚቀበለው ባልደረባ በራሱ ማሽን ላይ ላያገኘው ይችላል።

ፋይሉ በብዙ እጅ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ መንገድ እንመርጣለን፦ መረጃው ላይ የበጀት ወር ቁጥር የሚል ዓምድ መጨመር። ስሌቱ ቀላል ነው። መስከረምን 1፣ ጳጉሜንን 13 ብለው ሲቆጥሩ የወሩ ቁጥር 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 10 ይቀንሱ፤ ከ11 በታች ከሆነ 3 ይደምሩ። ሐምሌ 1፣ ጳጉሜን 3፣ መስከረም 4፣ ሰኔ 13 ይወጣሉ። ከዚያ ቁጥሩን ከስሙ ጋር አያይዘው «01 ሐምሌ»፣ «02 ነሐሴ» ያድርጉት። ከፊት ያለችውን ዜሮ አይርሱ፤ ያለሷ 10 ከ2 ይቀድማል። መልኩ ብዙ አያምርም፣ ግን በማንኛውም ኮምፒውተር፣ በጉግል ሺትስም ሳይቀር ይሠራል።

ለመሆኑ ቀኑን የሚጽፉት እንዴት ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር 5/6/2017 ብለው በቀጥታ የሚያስገቡ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ ላይ ከተዘጋጀ ይህንን ሜይ 6 ብሎ ወደ ቀን ይለውጠዋል። 30/2/2017፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ደግሞ 30ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ጳጉሜን 3 ነው፤ 3/13/2016 ብለው ሲጽፉት ማርች 13 ይሆናል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ሲሆን ኤክሴል ቀኖቹን አስቀድሞ ጽሑፎቹን ከታች ያጉራል፤ በወር ላቧድን ቢሉም «ካንኖት ግሩፕ ዛት ሰሌክሽን» ይላል። ዓመት፣ ወርና ቀንን በሦስት የቁጥር ዓምድ ለያይተው ይመዝግቡ። መደርደሪያ ካስፈለገ ዓመቱን በ10,000፣ ወሩን በ100 አባዝተው ከቀኑ ጋር ይደምሩ፤ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ማለት 20170230 ይሆናል፣ ቅደም ተከተሉንም አይስትም።

ጥያቄ፦ አንድ ከተማ ሦስት ቦታ ይወጣብኛል፦ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። ከመረጃው ላይ ካስተካከልኩ በኋላም የድሮዎቹ ስሞች ፊልተሩ ውስጥ አሉ።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በፊደል ተራ ሲደረደር ሀዋሳ ከላይ፣ በመካከል ላሊበላ ገብቶ ሐዋሳ፣ ከነነቀምት በታች ደግሞ አዋሳ ይመጣል። ማስተካከል ያለብዎ ምንጩን ነው፤ ለወደፊቱም በዳታ ቫሊዴሽን (ሴሉ የሚቀበለውን በሚወስነው ትእዛዝ) የከተማ ዝርዝር ቢያበጁ መዝጋቢው ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። የድሮዎቹን ስሞች ለማጥፋት ፒቮት ቴብል ኦፕሽንስ፣ ዳታ በሚለው ገጽ የሚያዙትን ስሞች ብዛት ከአውቶማቲክ ወደ ነን ይለውጡና ሪፍሬሽ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ቅርንጫፍን በውጭ፣ ምርትን በውስጥ አድርጌ ስደረድር በየቅርንጫፉ ውስጥ ብቻ ይደረደራል። እኔ የምፈልገው ከሁሉም ቅርንጫፍ በጣም የተሸጠውን ምርት ከአንድ ጀምሮ ማየት ነው።
(ከደሴ)

መልስ፦ ሁለት ፊልድ ሲደራረብ ሁለት ቅደም ተከተል አለ፤ የውስጠኛው ከውጨኛው አጥር አይወጣም። በንዑስ ድምሩ ላይ ቆመው ሲደረድሩ ቅርንጫፎቹ፣ በአንድ ምርት ቁጥር ላይ ቆመው ሲደረድሩ ምርቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። በረድፍ ርእስ ቀስት የሚሠሩ ከሆነ ኮምፓክት በሚባለው አቀራረብ ሁለቱም ፊልድ በአንድ ቀስት ስር ስለሚገኙ፣ ከላይ ሰሌክት ፊልድ በሚለው የትኛውን እንደሚደረድሩ መጀመሪያ ይምረጡ።

አጥሩን ለማፍረስ መረጃው ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ ዓምድ ይሥሩ፤ «ደሴ – ፓራሲታሞል» የመሰለ። እሱን ብቻ ረድፍ ላይ አድርገው በድምር ይደርድሩ። ቅርንጫፍ ሳይለዩ የምርቱን ጠቅላላ ሽያጭ ብቻ የሚሹ ከሆነ ግን ምንም መሥራት አያስፈልግም፤ ቅርንጫፍን ከረድፍ ወደ ፊልተር ያውጡት። ታብሎ የተባለውን የሪፖርት ፕሮግራም የሚጠቀሙ አንባቢዎች ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማቸዋል፦ እዚያ የሶርት መስኮት ውስጥ ፊልድ ከመረጡ ምርቶቹ በጠቅላላው ደረጃቸው በሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ተራ ይይዛሉ፤ ኔስትድ ከመረጡ ደግሞ በየቅርንጫፉ የየራሳቸውን።

ጥያቄ፦ የዱቤ ሽያጭ ከየቅርንጫፉ ሽያጭ ስንት በመቶ እንደሆነ አስልቼ በመቶኛው ልደረድር ብል 20 በመቶው ከ50 በመቶው በላይ ይቀመጣል።
(ከመቀሌ)

መልስ፦ መቶኛውን ያገኙት ቁጥሩን በመቶኛ መልክ በሚያሳየው ሾው ቫልዩስ አዝ መሆን አለበት። ይህ ትእዛዝ የሚለውጠው የሚታየውን ብቻ ነው፤ ኤክሴል ሲደረድር ከስር ያለውን ብር ነው የሚያወዳድረው። ከ2 ሚሊዮን ብር ሽያጩ 400 ሺው ዱቤ የሆነ ቅርንጫፍ መቶኛው 20 ነው፤ ከ590 ሺው 295 ሺው ዱቤ የሆነው 50 ነው። 400 ሺ ከ295 ሺ ስለሚበልጥ የመጀመሪያው ከላይ ይወጣል።

መውጫው መረጃው ላይ «ዱቤ» እና «ጠቅላላ ሽያጭ» ሁለት የተለያዩ የቁጥር ዓምዶች እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ከዚያ ፒቮት ቴብል አናላይዝ፣ ፊልድስ አይተምስ ኤንድ ሴትስ፣ ካልኩሌትድ ፊልድ ገብተው አንዱን ለሌላው ያካፍሉ። ኤክሴል መጀመሪያ ሁለቱን ደምሮ ኋላ ስለሚያካፍል መቶኛው ትክክል ይሆናል፤ ሲደረድሩትም በራሱ በመቶኛው ይደረደራል። መቶኛውን በየደረሰኙ አስልተው አማካይ መውሰድ ግን የተሳሳተ ነው፤ የመቶ ብር ደረሰኝና የመቶ ሺህ ብር ደረሰኝ እኩል ይመዝናሉ።

ጥያቄ፦ ፓወር ቢአይ ላይ የወር ስምን በወር ቁልፍ (ቅደም ተከተሉን በሚወስነው ቁጥር) ለመደርደር ስሞክር «ለአንድ ዋጋ ከአንድ በላይ ቁልፍ ሊኖር አይችልም» የሚል መልእክት ይመጣል። ደግሞ ማትሪክስ (የፓወር ቢአይ ፒቮት) ላይ በሰኔ ዓምድ ብቻ መደርደር ይቻላል?
(ከዱባይ)

መልስ፦ የወር ስሙን መርጠው ኮለምን ቱልስ፣ ሶርት ባይ ኮለምን ማለትዎ ልክ ነው። መልእክቱ የሚመጣው ቁልፉ ዓመት ሲይዝ ነው፦ «ሐምሌ» የሚለው ስም በአንዱ ዓመት 201601፣ በሌላው 201701 ሲኖረው ፓወር ቢአይ የቱን እንደሚከተል አያውቅም። ወይ ቁልፉን ከ1 እስከ 13 ብቻ ያድርጉት፣ ወይ ስሙም ዓመቱን ይያዝ፤ «ሐምሌ 2016» እንደሚለው። ሁለተኛውን ከመረጡ ቁልፉ ላይ የሚገባው የበጀት ዓመቱ ነው። የ2017 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ስለሆነ የሐምሌ 2016 ቁልፍ 201701 ይሆናል። በዓመተ ምሕረቱ 201601 ቢሉት ከሰኔ 2016 ቁልፍ፣ ከ201613፣ በፊት ይገባል፤ የጊዜው ቅደም ተከተል ግን ተቃራኒው ነው። ወሩ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዓመቱ ላይ 1 ይደምሩ።

የቁልፉን ዓምድ ከወሩ ስም በዳክስ (የፓወር ቢአይ የፎርሙላ ቋንቋ) አስልተውት ከሆነ «ሰርኩላር ዲፔንደንሲ» የሚል ሌላ ስሕተት ይጠብቅዎታል፤ ቁልፉ ስሙን፣ ስሙ ቁልፉን እየጠበቁ ይተሳሰራሉ። ስሌቱን መረጃው ከመጫኑ በፊት ወደሚዘጋጅበት ወደ ፓወር ኩዌሪ ያውርዱት። ሌላም አለ፦ ሶርት ባይ ኮለምን ከተደረገ በኋላ የወሩን ፊልተር በኦል ፋንክሽን የሚያነሳ የመቶኛ ሜዠር (በዳክስ የተጻፈ ስሌት) በየወሩ 100 በመቶ ማሳየት ይጀምራል። ማትሪክሱ አሁን በስሙም በቁልፉም እየከፈለ ስለሆነ ፊልተሩ ከሁለቱም ዓምዶች መነሳት አለበት።

ስለ ማትሪክሱ፦ ርእሱን በመጫን የሚደረደረው በረድፉ ስም ወይም በድምሩ ነው፤ በመካከል ባለ አንድ ወር አይደረደርም። ዘዴው ድምሩን ማታለል ነው። ኢፍ እና ኢዝኢንስኮፕ የተባሉትን ፋንክሽኖች ይዘው አዲስ ሜዠር ይጻፉ፦ ወር ዓምዱ ላይ ካለ መደበኛውን ሽያጭ፣ ከሌለ ማለትም ድምር ላይ ከሆነ በካልኩሌት የሰኔን ሽያጭ ብቻ ይስጥ። ከዚያ በድምሩ ዓምድ ይደርድሩ። የዓምዱን ስም በፎርማት ውስጥ ከቶታል ወደ «ሰኔ» መለወጥ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ አንባቢው የአንድ ወር ቁጥር እንደ ዓመት ድምር ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ሪፖርት ላይ የዕድሜ ክልሎቹ 10-14፣ 15-19 ብለው 5-9ን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አንዳንዴ 5-9 ራሱ ጠፍቶ ቀን ይሆናል።
(ከጎንደር)

መልስ፦ ዓምዱን መጀመሪያ ቴክስት አድርገው ፎርማት ያድርጉ፤ ያለበለዚያ ኤክሴል 5-9ን ወደ ቀን ይለውጠዋል። ከዚያ «05-09» ብለው በሁለት አሃዝ ይጻፉ። አንድ ጊዜ ቀን የሆነውን ፎርማት በመለወጥ መመለስ አይቻልም፤ በምትኩ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ያሳይዎታል፣ እንደገና መጻፍ ነው ያለው። በተቃራኒው ንጹሕ ቁጥሮች 1፣ 10፣ 11፣ 2 እያሉ ከተደረደሩ ጽሑፍ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ዓምዱን መርጠው ዳታ፣ ቴክስት ቱ ኮለምንስ፣ ፊኒሽ ይበሉና ፒቮቱን ያድሱ።

ጥያቄ፦ የሬስቶራንታችን የሠራተኞች ሰዓት በእንግሊዝኛ ነው የሚመዘገበው። በስም ስደረድር ኤፕሪልና ሜይ የተባሉት ልጆች ሁልጊዜ ከአበበ በላይ ይወጣሉ።
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ኤክሴል ስማቸውን የወር ስም አድርጎ ስለሚወስደው ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ቃል ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ፒቮት ቴብል ኦፕሽንስ፣ ቶታልስ ኤንድ ፊልተርስ ውስጥ ዩዝ ከስተም ሊስትስ ዌን ሶርቲንግ ላይ ያለውን ምልክት አንስተው እንደገና ሶርት ያድርጉ። በዚያው ሠንጠረዥ ዓምዶች ላይ ጃን፣ ፌብ እያለ በጽሑፍ የተመዘገበ ወር ካለ ግን እነሱም ወደ ፊደል ተራ ይመለሳሉ፤ እንዲያ ከሆነ ምልክቱን አይንኩ፣ ሁለቱን ስሞች ብቻ በማውስ ጎትተው ቦታቸው ያስቀምጡ።